ከባባ ኮምፒውተር የጠፉት ፎቶዎች

ሰኞ፣ ግንቦት 3

አልነካሁትም አልኳት። ዋሸሁ።

ማዳም ከሰዓት በኋላ በር ላይ አስቤዛ ተቀብላ፣ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ኩሽና ገብታ፣ "የእናቴ ፎቶዎች የት ገቡ?" አለችኝ። የግድግዳውን መስሎኝ ነበር። የኮምፒውተሩን ኖሯል። አባቷ፣ ባባ የምንላቸው፣ ክፍላቸው ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አላቸው። የሟች ሚስታቸው ፎቶ በሙሉ እዚያ ነው። ዛሬ ሲከፍቱት ከፎልደሮቹ አንድም የለም።

ክፍሉን የማጸዳው እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ማን ይገባል አለች። ሃዝሩ፣ በኮሮና የታወጀው የሰዓት እላፊ፣ ሲነሳ መክተብ እመልስሻለሁ አለች። መክተብ ያስመጣኝ የሠራተኛ ቢሮ ነው። ሃዝሩ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ሙሉ ቀን ሆኗል፤ ሰፈራችን ጃብሪያ ውስጥ መኪና እንኳ አይሰማም። አውሮፕላን የለም። መክተቡ ተቀብሎኝ የት ያደርገኛል?

እዚህ ደብተር ላይ ግን እውነቱን ልጻፍ። ቅዳሜ አቧራ ስጠርግ ማውሱን ነካሁት፣ ስክሪኑ በራ። ያ የድሮው ዊንዶውስ ነው፤ አረንጓዴው ሜዳ፣ ሰማያዊው ሰማይ። ደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስሠራ ቀኑን ሙሉ የማፈጥበት። ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም። ቁጭ አልኩ። ስክሪኑ ላይ ተዝረክርኮ የነበረውን ምልክት ሁሉ እየጎተትኩ በመስመር አሰለፍኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። አልነካሁም መሰለኝ።

ይህች "መሰለኝ" ናት የምትበላኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬ፦ ሽንት ቤት ሦስት። ደረጃ። የበር እጀታ በሙሉ በክሎሪን፣ ሁለት ጊዜ። መጋረጃ ማውረድ፣ ማጠብ፣ መስቀል። ማዳም መጋረጃ ያዘዘችኝ ቆሽሾ አይደለም፤ ዓይኗ ስር ሥራ ፈትቼ እንዳልቆም ነው።

ባባ ማፍጠሪያ ላይ አንድ ተምር በልተው ተነሱ። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው! ሚስታቸው የሞቱት ባለፈው ክረምት ነው። ባባ ድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው እየደከመ ነው። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይታያቸውም። ለዚያ ነው ያን ትልቅ ስክሪን የማይለቁት።

ቆሻሻ ሳወጣ ዘይነባን አገኘኋት። የከሚሴ ልጅ ናት፣ ጎረቤት ቤት ነው የምትሠራው። ማስክ አድርገን፣ ራቅ ራቅ ብለን ቆመን ነገርኳት። ዝም በይ አለችኝ። "እህቴ፣ አንዴ ነክቻለሁ ካልሽ ነገ የመብራቱም የውሃውም ጥፋት ያንቺ ነው።" ልክ ናት። ልክ መሆኗ ግን አላሳረፈኝም።

ጽሕፈት ቤት ሳለሁ ስንት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አብዛኛው ጠፍቶ አልነበረም። ቫይረስ ይደብቀዋል፣ እኛ እናወጣዋለን። የባባም እንደዚያ ቢሆንስ? ባይሆንስ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ነገርኳቸው።

ከአስር ሰዓት በፊት ልብሳቸውን ላስገባ ሄድኩ። ማጉያ መነጽራቸውን ስክሪኑ ላይ ለጥፈው፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ልብሱን አስቀምጬ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም።

"ባባ፣ ቅዳሜ ነክቼው ነበር። አሰለፍኳቸው እንጂ አላጠፋሁም" አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። "አንቺ ነሽ ያሰለፍሻቸው? እኔ ደግሞ አእምሮዬ ከዳኝ ብዬ ሁለት ቀን ፈራሁ" አሉ። ከዚያ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። ጽሕፈት ቤቱን ነገርኳቸው። ፎቶዎቹ ተደብቀው ይሆናል እንጂ ላይጠፉ ይችላሉ ስላቸው ወንበር ሳቡልኝ።

ችግሩ ዊንዶውሱ ዐረብኛ መሆኑ ነው። እኔ ዐረብኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁ፣ አላነብም። በዚያ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጧል፤ በግራ የማውቀው በቀኝ ነው። ባባ ያነባሉ፣ ግን አይታያቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉን አሳደግኩት። ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ፣ የመጨረሻዋን መስመር፣ ከላይ ካሉት ከቀኝ አራተኛውን፣ ከታች ካሉት ምርጫዎች የመጨረሻውን። ቃሉን ሳይሆን ቦታውን ነው የማስታውሰው። ፊደሉ እጥፍ ሆነ። ባባ ማጉያውን አስቀምጠው "የእኔ ኮምፒውተር" ብለው አነበቡ፣ ቀጥለው "የቆሻሻ ቅርጫት"፤ ልክ ክፍል ውስጥ ለተማሪ እንደሚያነቡ።

የዚያኔ ነው ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካችውን ፍላሽ ያየኋት። የማን ናት አልኳቸው። የማዳም ናት፤ እሑድ፣ ቀደም ብላ ከሥራ ቦታዋ ያመጣችውን ወረቀት ልታነብበት ሰክታት ነበር። እሑድ። እኔ የነካሁት ቅዳሜ።

ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ማዳም በሩ ላይ ቆማለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ማውሱን ነቅላ ወሰደችው። ያልተማረ እጅ ብላኛለች። ከባባ ጋር ትናንት ማታ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ቀስ ብለው፣ እሷ ጮክ ብላ። ስሜን ሁለት ጊዜ ሰማሁ።

የሚያስጨንቀኝ፦ መክተብ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ። እናቴ ስትደውል ድምፄ ያስታውቅብኝ ይሆን? ከሁሉ በላይ ደግሞ ባባን ተስፋ ሰጠኋቸው። ከፍቼ ባዶ ቢሆንስ? አንዳንዱን በእርግጥም ጠፍቶ ያገኘንበት ጊዜ ነበር። ለዚያኛው ተማሪ ምን እንዳልነው አላስታውስም።

ቁጭ ማለት አቃተኝ። ያጸዳሁትን ደግሜ አጸዳሁ። ሩዝ አሳረርኩ። ከዚያ በዚህ ደብተር ጀርባ ላይ የተደበቀ ፋይል የሚወጣበትን የኮምፒውተር መስኮት ከትዝታ ሣልኩት፣ ቀጥዬ ገልብጬ ሣልኩት። ከላይ አምስተኛው። ከስሩ የመጨረሻው። ሁለተኛው ገጽ። ከዚያ ረጅሙ ዝርዝር። እዚያ ጋ ያለ ባባ ዓይን አይሆንም።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ባባ ማውሱን ራሳቸው አስመለሱት። ማዳምን እዚህ ተቀምጠሽ እይ አሏት። ከኋላችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ማስኳን አፍንጫዋ ድረስ ስባ።

አምስተኛው። የመጨረሻው። ሁለተኛው ገጽ። ሥዕሌ ትክክል ነበር። ዝርዝሩን ባባ ያነባሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ። "የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ" ሲሉ "እሱ ነው" አልኩ። ተጫንኩ። ዘግቼ ከፈትኩት።

ባዶ።

ማዳም ከኋላ በረጅሙ ተነፈሰች። ያን ሰዓት ተነስቼ ብወጣ ደስ ባለኝ። ግን ጽሕፈት ቤት የነበረችው አለቃዬ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ነበር የምትነካው። ባባ፣ እባክዎ ከስሩ ያለውንም ያንብቡልኝ አልኳቸው። አነበቡ፤ ኮምፒውተሩ ለራሱ የሚጠብቃቸውን ፋይሎች ደብቅ የሚል ነው። ምልክቷን ሳነሳ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ባባ እሱንም አነበቡት፤ ይህን ካደረግህ ኮምፒውተሩ መሥራት ሊያቆም ይችላል ይላል።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ።

አይደለሁም አልኳቸው። እውነቱ እሱ ነበር። ትንሽ አሰቡና "እኔም አይደለሁም፤ ተጫኚው" አሉ።

መጡ። አስራ አራት ፎልደር፣ ደብዘዝ ብለው፣ እንደታጠበ ቀለም። አንዱን ከፈትኩ፤ የባባ ሚስት ባሕር ዳርቻ ቆመው፣ ነፋስ አባያቸውን እየገፋው፣ ይስቃሉ። ባባ እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ።

ቫይረስ በፍላሽ እንደሚመጣ ስነግራቸው ፍላሿን ነቀሉና ለማዳም ሰጧት። "በሽታው በዚህ ነው የመጣው፤ ከልጅቷ አይደለም" አሏት። ተቀብላ ወጣች።

እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የተሳካ ነገር ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ጠዋት ፎቶዎቹን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። ባባ ፎልደሮቹን ትልልቅ ሥዕል አድርጊልኝ አሉ፣ አደረግኩ። እያንዳንዱን ፎቶ ስም እንስጠው አሉ። ዐረብኛ መጻፍ ስለማልችል እሳቸው በአንድ ጣት ይጽፋሉ፣ እኔ የሚጻፍበትን ቦታ እከፍታለሁ። እስከ ዙህር፣ የቀትር ሶላት፣ ዘጠኝ ፎቶ ጨረስን። ስንት መቶ ይቀራል። አልቸኮሉም።

ማዳም ገብታ ስታይ አንዱ ላይ ቆመች። እሷ ናት፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ የፊት ጥርሷ የለም፣ እናቷ ጫማዋን እያሰሩላት። ጎንበስ ብላ አይታ ወጣች።

ወደ ማታ ሳምቡሳ ሳጥፍ ኩሽና መጣች። ኮምፒውተር ተምረሽ ነው ወይ አለችኝ። ከአስረኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት አልኳት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅሽኝም።"

አመለጠኝ። እጄ ሊጡ ላይ ቀረ። እጇን ታጥባ አጠገቤ መጥታ አንዱን ቂጣ አነሳች። አሥር ያህል አጠፈች። አታውቅበትም፤ ጫፉ ሁሉ ክፍት ነው። ስለ መክተብ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ዝምታዋ ይቅርታ ይሁን ወይም ሃዝሩ እስኪነሳ መጠበቅ፣ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

ስትወጣ ያጠፈቻቸውን ለይቼ፣ ዘይት ውስጥ እንዳይፈቱባት፣ ጫፋቸውን አንድ በአንድ እየተጫንኩ ዘጋሁላት።