የትኛው ቀለበት ለጨጓራዬ

ሰኞ
ሙሐመድን ዋሸሁት። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር አብሬው የኖርኩትን ባሌን። «የሐሞት ጠጠር ነው፣ ቀላል ቀዶ ጥገና» አልኩት። ደንግጦ እጄን ያዘኝ። ይሄኔ የባሰ አፈርኩ።
እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ትንሽ በልቼ እንድጠግብ ጨጓራዬ አናት ላይ የሲሊኮን ቀለበት ሊታሰርልኝ ነው። ሐኪሟ የሁለት ዓይነት ቀለበት ሥዕል ሰጥታኝ «አነጻጽሪና ሐሙስ እንወስናለን» አለችኝ። ሱቄ ውስጥ፣ ከምሸጠው አንሶላ መሃል ደበቅኳቸው።

ማክሰኞ
ገበያው ቀዝቀዝ ሲል አወጣኋቸው።
ጠባቡ፦ የቆየ አሠራር። አጥብቆ ይይዛል።
ሰፊው፦ ለስላሳ። ጨጓራውን ብዙ አይጫነውም።
ሁለቱም ከቆዳ ሥር መሙያ አላቸው። በመርፌ የጨው ውኃ ሲገባበት ቀለበቱ ይጠብቃል፣ ሲወጣ ይላላል። ሁለቱም ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ይሄን ሁሉ ያነበብኩት በስኳር የራሰ ሙሸበክ እየበላሁ ነው።
አንዲት ደንበኛ ከላይኛው መደርደሪያ ብርድ ልብስ አውርጂልኝ አለች። መሰላሉን አየሁት፤ አይችለኝም። «አልቋል» አልኳት። ሦስት ተደርድሮ ይታያል።

ረቡዕ
ክሊኒክ። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ቁጥሩ ጠፋ። ነርሷ ወረፋው ሁሉ እየሰማ «አልቻለሽም፣ ሌላ ቦታ ተመዝነሽ ነይ» አለችኝ።
ሌላ ቦታ የት? አንዋር መስጊድ ጀርባ የሐጂ ሰዒድ ቅመም ቤት የበርበሬ ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን አለ። ሄድኩ። «ሐጂ፣ እኔን ይመዝኑኝ» አልኳቸው፣ መሬት መሬት እያየሁ። ለምን አላሉኝም። ሠራተኞቹን ሻይ ጠጡ ብለው ላኳቸው፣ በሩን ገርበብ አደረጉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።
«አንቺው አንብቢው፣ ዘይነባ።»
አነበብኩት። እዚህ አልጽፈውም። ዕንባዬ መጣ። «በርበሬው ነው» አልኩ።
«አዎ ልጄ፣ በርበሬው ነው» አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

ሐሙስ
«ጣፋጭ አልነካም ብለሽኝ ነበር» አለች ሐኪሟ፣ ክብደቴን የጻፍኩበትን ወረቀት እያየች። «ቀለበቱ እንጀራውን ነው የሚያቆመው። ፈሳሽና የሚሟሟ ነገር ሾልኮ ያልፋል።»
ልዋሽ ነበር። ግን ተናገርኩ። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ሙሸበክ እንደምበላ። ብዛቱ እንዳይታወቅብኝ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች እንደምገዛ።
አልተቆጣችም። «እንግዲያው ስለ ጠባብና ሰፊ ለማውራት ገና ነን። ሰኞ ሦስት ሰዓት የምግብ ባለሙያዋን ታገኛለሽ። ቀለበት ላይሆንም ይችላል። ቤት ማን ያውቃል?»
«ማንም።»
«አስታማሚሽን ሳላነጋግር አልቀድሽም።»

ዓርብ
ሙሐመድ ከጁምዓ ሲመለስ ሱቁ ገና አልተከፈተም ነበር። ቆሜ ነገርኩት፣ ብቀመጥ የምተወው መሰለኝ።
ኮፍያውን አውልቆ አጠፈው። ከዚያ «እናቴን እኮ ዱዓ አስደረግኳት። ለሐሞትሽ» አለኝ። ምነው መሬት በዋጠችኝ።
ከቦርሳዬ ያወጣኋቸውን ሥዕሎች ተቀብሎ አገላበጣቸው።
«ካልተስማማሽ ይወጣል?»
«ይወጣል፣ በሌላ ቀዶ ጥገና።»
«ተቀይሜሻለሁ፣ ዘይነባ። ስለ ውፍረቱ አይደለም።»
«አውቃለሁ።»
«ለእናቴ ራስሽ ትነግሪያታለሽ።» የሱቁን መዝጊያ ወደ ላይ ገፋው። ጀርባውን እንደሰጠኝ «ሰኞ በጊዜ ወጥተን ከመሳለሚያ ታክሲ እንይዛለን» አለ።
ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ግን «እንይዛለን» ነው ያለው።