እማዬ የፈረመችበት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9፤ ጠዋት 7:40

የፊንችን ፌርማታ አለፍን። ደብተሬ፣ ባስ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍብሽ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ አትቆጪ። የፊዚክስ ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። የእንግሊዝኛ ድርሰት ለሐሙስ። ዛሬም የት/ቤቱ አማካሪ ቢሮ እሄዳለሁ። ት/ቤት ከተከፈተ ሳምንት ሆነ፣ ካልኩለስ ክፍል ስሜ የለም። በምትኩ ቀለል ያለ ሒሳብ ውስጥ አስገብተውኛል። ያለ ካልኩለስ ኢንጂነሪንግ አይታሰብም። የኮምፒውተር ስህተት ይሆናል።

ያው ቀን፤ ከሰዓት በኋላ 3:30

ስህተት አይደለም። አማካሪው ወረቀት አወጣ። ጁን ላይ የተጻፈ ነው። ሸክሟ እንዲቀልላት ካልኩለስ ይቅርባት ይላል። ከሥሩ የእማዬ ፊርማ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ውጤቴን ተመልክቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ለጤናሽ አስበን ነው አለኝ። የሰመሩን እረፍት ሙሉ ኬሚስትሪ ተምሬ የጨረስኩት ለዚህ ዓመት ቦታ እንዲኖረኝ ነበር። አሁን ስለ ጤናዬ ያወራልኛል። የሚስተካከለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው፣ እሱም ወላጅ መጥቶ ከፈረመ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10፤ ከሰዓት በኋላ 5:00

እማዬ ከሥራ ገባች። የአረጋውያን መኖሪያ ነው የምትሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳ ትውላለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ይዤ ስለ ፊርማው ጠየቅኳት። ትዝ አላት። ያኔ ጁን ላይ አማካሪው ተነስቶ ወንበር ሳበላት። ልጅሽ ብዙ ይዛለች፣ ትንሽ ብንቀንስላትስ አላት። እንዳልክ ብላ ፈረመች። ምን እንደሚቀነስ አልጠየቀችም። አባቷ መምህር ሲያስጠራቸው ባርኔጣ አውልቀው ይሰሙ ነበር እንጂ አይጠይቁም ነበር።

«ታዲያ መምህር ፊት ልከራከር ኖሯል?»

«አዎ እማዬ፣ ትከራከሪያለሽ።»

«ይሄ ምላስሽ ከማን እንደመጣ!»

ነገ እንቁጣጣሽ ነው፣ እረፍት ወስዳለች። ጠዋቱን ስጪኝ አልኳት። ራሴ የፈረምኩትን እንዴት ሰርዝልኝ እለዋለሁ፣ ነውር ነው አለች። ከይሉኝታሽና ከእኔ ምረጪ አልኳት። ክፉ ንግግር ነው። ግን አልመልሰውም። ልብስ ልታጥብ ወረደች። ድርሰቱን አልነካሁትም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11፤ ምሳ ሰዓት

ጠዋት ስነሳ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ካፖርት ደርባ በር ላይ ቆማለች። በባሱ አብረን ሄድን።

አማካሪው የጁኑን ደገመ፤ ሸክም፣ ጤና፣ እንቅልፍ። እማዬ በእሺታ ጭንቅላቷን መነቅነቅ ጀመረች። አለቀ፣ ዛሬም እንዳልክ ልትለው ነው አልኩ። ከዚያ አቆመች። በእንግሊዝኛዋ የልጄን ማርክ አሳየኝ አለችው። ስክሪኑን አዞረላት። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ዘጠና አራት። ዘጠና ስድስት። ዘጠና አንድ። የከበዳት የቱ ነው አለችው። ስክሪኑን ወደ ራሱ መለሰው። ደስታዬን ለመደበቅ ጫማዬን አየሁ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ካልኩለስ ክፍት ቦታ ያለው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፣ እዚያ ሰዓት ላይ ደግሞ ባዮሎጂ አለኝ። ከሁለቱ አንዱ ይቀራል። ባዮሎጂን የያዝኩት ለእማዬ ነው፤ ሐኪም እንድሆንላት ትፈልጋለች። አማካሪው ይህን አያውቅም። ምን ትያለሽ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው። አየችኝ። የትኛውን እንደምመርጥ ገብቷታል።

እሷን ጠይቃት አለችው።

ባዮሎጂ ይቅር አልኩ። ፈረመች።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12፤ ከሰዓት በኋላ 3:45

ካልኩለስ ገባሁ። ሁለት ምዕራፍ ቀድመውኛል፣ ፈተናው ሰኞ ነው። አስተማሪዋ ፈተናውን ላራዝምልሽ አለችኝ። አልፈልግም አልኩ። ለምን እንዲህ እንደምል አንዳንዴ እኔም አላውቅም።

እማዬ ከትናንት ጀምሮ አልተቆጣችም። ቢከፋትም አትናገርም። ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን እያበጠረች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትመጫለሽ ወይ አለችኝ። ለምን እንደጠየቀች አውቃለሁ። እዚያ ያሉት እናቶች ስሜን ትተውታል፣ «ዶክተሯ» ነው የሚሉኝ። እሁድም ይሉኛል። እማዬ ፈገግ ብላ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋም ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል።

እሄዳለሁ። ገና በር ላይ ሳለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ዶክተር እንደማልሆን እኔው እነግራቸዋለሁ። እማዬ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። ቢስቁም ቢያሙም፣ የሚያዩት እኔን እንጂ እሷን አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ከባስ ስወርድ አስባለሁ፤ ፌርማታዬ ደርሷል።