የምሥራቅ በር ደወል

ይድረስ ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ። ሐዘኑ እንዴት አድርጎሻል? ባልሽ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳልል መቅረቴ ያሳፍረኛል። ደረትሽንስ ተሻለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እኔም ጤነኛ ነኝ፤ የሚበላኝ ቅናት ብቻ ነው። ቄሱ "ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው" ብለው ሲሰብኩ እኔን የሚያዩ ይመስለኛል።

አባባ ይጠብቀው የነበረው፣ እላዩ ባለው ቤት ያደግንበት የከተማው የምሥራቅ በር አይፈርስም ተባለ። ሌሎቹ ሦስት በሮች ተንደው ጡባቸው መንገድ ላይ ተነጥፏል። የኛም ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ ከሄዱ፣ ማታ ማታ መዘጋቱም ከቀረ ወዲህ ለማንም አይጠቅምም፤ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ እሥሩ ይቀረቀርና ነጂው እስከ ሰባት ትውልዳችን ይሰድባል። እኔም ይፍረስ ባይ ነበርኩ። በጭስ የደረቀ ዓሣ ይዤ የምክር ቤት አባላቱን ሚስቶች ቤት ለቤት ዞሬ ለምኛቸዋለሁ።

ባሌ ዌሰል ግን በጉባኤው ተነሳ። ታውቂው የለ፣ አባል ቢሆንም ግንበኛ ነው፤ ንግግር አይሆንለትም። ያን ቀን አፉ ተፈታ። በሩ አራት መቶ ዓመት መቆሙን፣ ስፔኖች ከተማዋን ሲከቡ የተኮሱት አረር ዛሬም ግንቡ ውስጥ መኖሩን፣ በጎርፉ ዘመን ሰው ከነላሙ እላይ ቤታችን ማደሩን ተናገረ። አንዱ አባል "እሺ፣ ይቁም፤ ያቺ ወደ ከተማው የምታይ ጠማማ መስኮት ግን ትደፈን" ቢል፣ "እሷንስ አትነኳትም!" ብሎ ጠረጴዛውን መታው። በሰባት ድምፅ ለስድስት አሸነፈ።

ልጅ ሳለን እየሰፋሽ ትቀመጪባት የነበረችው መስኮት ናት።

ቤት ስንገባ አልቻልኩም። "የምትወደው በሩን ነው ወይስ እላዩ የነበረችውን?" አልኩት። "አንቺ ሴትዮ፣ በጡብም ትቀኚ ጀመር? ይልቅ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ አምጪ!" ብሎ ሳቀብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሾርባውን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። እሱ ግን ዛሬም በዚያ በር ሲያልፍ ዞር ብሎ ወደ መስኮቷ ቀና ይላል፤ ቅርጫቴን ይዤ ከኋላው ቆሜ አየዋለሁ።

እድሳቱ አልቆ በጰራቅሊጦስ ማግስት ይመረቃል። የመጨረሻው በር ጠባቂ ልጆች ሁለታችንም እንድንገኝ ተወስኗል። "ለእህትሽ ጻፊላት እንጂ!" እያለ የሚነዘንዘኝ ዌሰል ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ከመጣሽ ከዌሰል ጋር ማውራታችሁ አይቀርም። እንግዲያው ከኔ ስሚው። ያን ምሽት እመጣለሁ ብሎሽ ጠብቀሽው ሲቀር፣ "ቃሉን በላ" ብለሽ አልቅሰሽ፣ በሩ ሳይከፈት ገና በጎህ ከውስጥ ወደቡ በጀልባ ወደ አክስታችን ሄድሽ። እሱ ከወንዙ ማዶ ከሥራ እየሮጠ ደርሶ በሩን ዝግ አገኘው። ቢያንኳኳም የሰማው የለም። እስከ ዛሬ፣ "አባትሽ ያን ቀን ምን ነካቸው? የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ሳይመታ የመዝጊያውን ደወል ደወሉት!" ይላል። እኔ ሾርባውን እጨምርለታለሁ። አንቺ ግን አባባ በንዳድ ተኝቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ስታደርጊለት ያመሸሽው አንቺ ነሽ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን።

ነይም ቅሪም አልልሽም። መርከቧ ማክሰኞ ማክሰኞ ትነሳለች። እግዚአብሔር ደረትሽን ይማርልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ለኔም የይቅርታ ልብ ይስጥሽ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፍታ ዌሰልን የተቀበለችው፣
ታናሽ እህትሽ