የተዘቀዘቀው ነጠላ

«የመንደሩ የውሃ ኃላፊ ጓድ ዲሳሳ ቀጄላ እንደገለጹት፣ በውሃ ምክንያት የሞተ አንድም ሰው የለም፤ በፎቶግራፉ የሚታዩት እናቶችም ንጹሕ ውሃ በማግኘታቸው የተሰማቸውን ደስታ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ገልጸዋል።»

ወንድሜ መርጋ፣ ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ሳላነሳው ሰላም ብልህ ከልቤ ስለማይሆን ነው። አሁን ልጠይቅህ። ጤናህ እንዴት ነው? የእናታችን ጉልበት ተሻላት ወይ? ደጊቱስ፣ ልጆቹስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ወባው ከለቀቀኝ ወዲህ ደህና ነኝ። አሶሳ ዝናቡ በርትቷል፤ ከባምባሲ ወዲህ መኪና ጭቃ እየያዘው ነው።

የጋዜጣችሁን ቁራጭ «ስምህ በክብር ወጥቶልሃል» ብለህ ልከህልኛል። ነገሩ ስላልገባህ ከመነሻው ልጻፍልህ።

ሚያዝያ ላይ የጉድጓዱ ፓምፕ ተሰበረ። መለዋወጫው እስኪመጣ ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች ከወንዝ ቀዱ። ተቅማጥ ገባ፤ አሥራ አንድ ልጆች ቀበርን። ወሬው በውጭ አገር ራዲዮ ሲነገር አለቃዬ ተደናግጦ ሰበሰበን፤ ጋዜጠኛ ሊመጣ ነው አለ። እኔም ሌላው ከዚህ በላይ ሳይነግርብን የሆነውን ራሳችን እንናገር፣ የሞቱትን አንደብቅ፣ ፓምፑ መጠገኑን እናሳይ፣ የማናውቀውንም አናውቅም እንበል አልኩ። ሕዝቡ ነገ መድኃኒት የገባበትን ውሃ አምኖ የሚጠጣው ዛሬ እውነት ከነገርነው ብቻ ነው አልኩ። እሱ ግን «ጉድጓዱን አሳየው፤ መቃብሩን አታሳየው» አለኝ። ሴቶቹም ነጭ ነጠላ ለብሰው እንዲሰለፉ አዘዘ።

ነጠላ ይልበሱ አለ እንጂ እንዴት እንደሚለበስ አላለም። እናቶቹ ሐዘን ላይ ናቸው፤ ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቀው መጡ። አለቃዬ አላስተዋለም። ጋዜጠኛው ፎቶውን አነሳ፤ እኔንም ጠየቀኝ፤ የሞቱትን ልጆች ቁጥር ሳይቀር ነገርኩት። የጻፈውን አንብብልኝ አልኩት፤ አነበበልኝ፤ የራሴ ቃል ነበር። እንግዲህ ቃሌ የተለወጠው እዚህ አይደለም። ጽሑፉ የሚታረመው አንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ለቅሶ ስትደርስ የኖርክ ሰው ያንን ነጠላ አይተህ «ደስታ» ብለህ ጻፍክ፣ ወይም ሌላው ሲጽፍ አሳለፍክ።

አለቃዬ ጋዜጣውን በመሠረተ ትምህርት ሰዓት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አደረገ። አባ የሻው የሚባሉ ሽማግሌ ፊታቸውን ሳያፈቱ፣ ጋዜጣው የሞተ የሚያስነሳ ከሆነ ወሎ ላይ የሞተብኝን በሬም ጻፉልኝ አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድ ልጇን የቀበረችው ጤናዬ ግን አልሳቀችም። ጉድጓዱ አጠገብ ጠብቃ «ጋሼ፣ የቀበርኩትን ልጄን አልሞተም ካሉ፣ የቀረችኝን በእርስዎ ቃል አምኜ እንዴት አጠጣታለሁ?» አለችኝ። በማግስቱ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ወንዙ አሁን በጎርፍ ደፍርሷል። የጉድጓዱን ውሃ ፊታቸው ቆሜ ጠጣሁ፤ ያመነኝ የለም።

ምናልባት እኔን ከአለቆቼ ቁጣ ማዳንህ ይሆናል። ለዚያ አላመሰግንህም። እንዲያድነኝ የጠየቅሁት ሰው የለም። ጋዜጣው ማረሚያ ያወጣል ብዬም ራሴን አላታልልም። ከአንተ የምፈልገው ዲሳሳ ይህን አላለም፣ የሞቱትን ልጆች ነግሮናል የሚል በእጅህ የተጻፈ፣ ስምህና ፊርማህ ያለበት ወረቀት ነው። ሰዎቹ ተሰብስበው ባሉበት ራሴ አነብላቸዋለሁ። ይህ እንደሚያስፈራህ አውቃለሁ፤ እኔንም ያስፈራኛል። ለዚህ ነው ይህን በፖስታ ቤት ያልላክሁት። የሚያደርስልህ ረጀብ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የታመነ ሰው ነው።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ይህን ግን አታንብብላት። ደጊቱን የላከችልኝ ሹራብ በልኬ ነው በላት። ቡሴን በትምህርቷ እንድትበረታ ንገርልኝ፤ ትንሹንም ሳምልኝ።

ረጀብ ሰኔ 20 ቀን ከአዲስ አበባ ይነሳል። መልስህ በጽሑፍ ሆኖ ከዚያ በፊት በእጁ ይግባ። ጤናዬ የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፤ የምትጠጣውም ከወንዙ ነው።

ወንድምህ ዲሳሳ ቀጄላ
አሶሳ፣ ሰኔ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.