የቆመው ባቡር

ጥር 14። ዛሬ የቆመ ባቡር አመለጠኝ።

ስማኝ አንተ ረጅሙ ጓደኛዬ፣ እዚህ ልናይ የመጣንበት የድሮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው አሮጌ ባቡር ንቅንቅ አይልም፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ትኬት ቆራጩ ግን የምሩን ነው። እናትና ልጅ ቀድመውኝ ገብተው እኔ ይህን የምጽፍልህን ፖስት ካርድ ስገዛ፣ ፊሽካውን ነፍቶ በሩን ዘጋው።

«ጋሼ፣ የትም አይሄድ፤ ይክፈቱልኝ እንጂ!»

«ሄዷል ወንድሜ። ቀጣዩን ጠብቅ።»

ትንሿ ልጄ በመስኮት «አባዬ ቀረ!» ብላ እሪ አለች፤ እናቷ በሳቅ ፍርስ። እኛ እኮ የሚሄደውን አውቶብስ ሮጠን የምንይዝ ሰዎች ነን!

አሁን ቀጣዩ ሊነሳ ነው። ልጄ «ያለ አባዬ አልሄድም» ብላ በሩን ይዛ ቆማለች። እናትህን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ቴምብሩን ካርዱን የሸጠችልኝ ልጅ ትለጥፍልኛለች፤ ትኬት ቆራጩ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ፣ ሄድኩ።