እትዬ መስታወት የሆንኩበት ሰሞን

ጥቅምት 5
ሦስተኛ ፎቅ ያለው ፎቶኮፒ ማሽን ዛሬም ወረቀት ጎረሰ። እሱን ስጠግን ዋልኩ። ጸሐፊዋ «አንተ ስትመጣ ይሠራል፣ ስትሄድ ይቆማል፤ ምን ብለህ ነው የምታባብለው?» አለችኝ። ምን እላለሁ፣ እለምነዋለሁ።

በምሳ ሰዓት ማበጠሪያዬን ስካነሩ ላይ አስቀምጬ መብራቱ ሲያልፍ ጎተት አደረግኩት። ምስሉ ላይ ጥርሶቹ ተለምጠው ወጡ። ደስ አለኝ! ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። እንደ እኔ ስካነር ላይ ዕቃ እያንቀሳቀሱ ሥዕል የሚሠሩ ስልሳ ሰዎች አሉበት። ስንት ላይክ? ሁለት። አንዱ የእኔ ነው።

ጥቅምት 6
ዛሬም ሁለት።

ጥቅምት 9
አሳፋሪ ነገር ሠራሁ። ሌላ አካውንት ከፈትኩ። «እትዬ መስታወት» አልኳት። ጡረታ የወጣች የሥዕል አስተማሪ ናት። ፎቶዋ መስኮት ላይ የተቀመጠች አበባ። ማበጠሪያዬ ሥር «እንዲህ ያለ እጅ ካየሁ ስንት ዘመኔ!» ብላ ጻፈች። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ... ደግነቱ የሚያየኝ የለም።

ቆይቼ መልሼ ሳነበው ደግሞ ልቤ ሞቅ አለ። የራሴን ጽሑፍ! ሰው እንዴት እስከዚህ ይወርዳል?

ጥቅምት 17
እኔን ብቻ ካደነቀች ይነቃብኛል። ስለዚህ ለመሸፋፈኛ ለሌሎቹም አስተያየት ትሰጣለች። አንድ ለእኔ፣ ሦስት ለሰው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ጉዱ ግን ለሰው ስትጽፍ ጎበዝ መሆኗ! «እዚህ ጋ እጅሽ ፈርቷል፣ እዚያ ጋ ግን ጨክነሻል። በጭካኔው ቀጥዪ።» ይህን ማን አስተማረኝ? በአፌ ሁለት ነገር ሳልንተባተብ የማልጨርስ ሰውዬ።

አሁን ሁሉም ሥራውን ለጥፎ «እትዬ፣ ምን ይላሉ?» ሆኗል። የግሩፑ አድሚን ለእኔ ምን አለኝ? «ወንድም፣ የእትዬን አስተያየት እያነበብክ ተማር።» ተማር!

ኅዳር 2
«አዝራር» የምትባል አባል አለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቁርጥራጭ ጨርቅና ክር ነው ስካን የምታደርገው። ዛሬ ለእትዬ በግል ጻፈች። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ መቀስ መያዝ አስጠልቶኝ ነበር። እርስዎ ‹ክሩ ይናገራል› ካሉኝ ወዲህ ነው ወደ ሥራዬ የተመለስኩት። የሚያየኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

መልስ መስጠት አለብኝ... ግን ማን ሆኜ? «አይዞሽ ልጄ» አልኳት። ልጄ! በፎቶዋ ስገምት ቢበዛ በአራት ዓመት ብታንሰኝ ነው።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች ለካ።
«ማናት ደግሞ ልጅህ?»
ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትቆጣለች ስል ሳቀች። ወንበር ፈልጋ እስክትቀመጥ ሳቀች። «ራስህን ለማድነቅ ሌላ ሰው መቅጠር ነበረብህ?» ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ሴትዮዋ ግን ምን አደረገችህ?»


ኅዳር 11
አድሚኑ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ፣ አሥራ ሁለት ሥራ። መራጯ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እትዬ! አቤት የኔ ጣጣ።

ኅዳር 14
ሁሉንም በተርታ ከፍቼ አየሁ። የአዝራር ሦስት ሥራዎች ገቡ። ከዚያ ማበጠሪያዬ መጣ። በእትዬ ዓይን ሳየው... ባዶ። ሠሪው ጎትቶታል እንጂ አላየውም። ጣልኩት። ሥሩም «ይህ ሰው ከሥራው ይልቅ ጭብጨባውን ይሰማል» ብላ ጻፈች።

ተናደድኩባት። ምን አባቷ አገባት! ራቴን ትቼ ተነሳሁ። ባለቤቴ «ከእትዬ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ።

ኅዳር 19
አዝራር እንደገና። «በኤግዚቢሽኑ ቀን እጅዎን ልስም እመጣለሁ።» ይሄን ቀለም የጠጣ እጅ!

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «እትዬ የምትባል ሰው የለችም። ወንድ ነኝ፣ ፎቶኮፒ ማሽን ጠጋኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ላክሁ። አንብባዋለች፤ ምልክቱ ይታያል። መልስ የለም።

ኅዳር 20
የለም።

ኅዳር 23
አንድ መስመር ብቻ። «ታዲያ ያሉኝ ሁሉ ውሸት ነበር?»

አይደለም ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ውሸታም «አይደለም» ቢል ማን ያምነዋል? ሥራዋን የወደድኩት ከልቤ ነው። ግን መቀሷን መልሳ ብታስቀምጥስ? በእኔ ምክንያት... ለሁለት ላይክ ብዬ። በጣም አፈርኩ።

ኅዳር 27
የኤግዚቢሽኑ ቀን። አድሚኑን አስቀድሜ ነገርኩት። «እትዬ አንተ ነህ?» ብሎ ጫማዬን አየ። ለምን ጫማዬን እንዳየ እንጃ።

አዝራር መጣች። አጠር ያለች ሴት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ረስታው የመጣች። አድሚኑ ወደ እኔ ጠቆማት።
«እርስዎ ነዎት?»
«እኔ ነኝ።»
«እስቲ አሁን በአፍዎ ይንገሩኝ።» ሦስቱን ሥራዎቿን አሳየችኝ።

ላድንቃት? አድናቆቱንማ በእትዬ ስም ጨርሼዋለሁ፤ ማባበል ነው የሚመስላት።
«ሦስተኛዋ... ደካማ ናት» አልኩ። «እርስዎ አሳዝነውኝ ነው የመረጥኳት።»
ሰው ሁሉ ያየናል።
«ሁለቱስ?»
«ከሁለቱ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ያኔም አቅቶኝ ነው የጻፍኩልዎት።»

ሦስተኛዋን ከግድግዳው አወረደች፣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ደህና ይዋሉ እንኳን ሳትለኝ ሄደች። ባለቤቴ «ደግ አደረግህ» ትለኛለች። ደግ ካደረግሁ ታዲያ ለምን ሄደች?

ታኅሣሥ 8
የእትዬን አካውንት ዘጋሁ። ግሩፑ ላይም ተናዘዝኩ። አሥራ አንድ ሰው ጥሎ ወጣ። አንዱ ለእትዬ የሐዘን መግለጫ ለጠፈላት፤ አርባ ላይክ! ሴትዮዋ ሞታም ትበልጠኛለች።

አዝራር ግሩፑ ውስጥ አለች። ምንም አትለጥፍም።

ታኅሣሥ 15
ዛሬ ጠዋት ለጠፈች! ያቺኑ ያወረደቻትን እንደ አዲስ ሠርታት። ከሥሯ፦ «ጠጋኙን ነው የምጠይቀው። አሁንስ?»

ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ቆንጆ ናት በላታ!» አለች። ቆንጆ ናት። ግን በግራ በኩል ክሩ መንገዱን ሳይጨርስ ቆሟል፤ እጇ ቶሎ ነው የተነሳው። ልንገራት? አስቀይሜያት ደግሞ ብትተወውስ?

ቁርሴ እስኪቀዘቅዝ ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁ። በመጨረሻ በገዛ ስሜ፣ ከገዛ ፊቴ ፎቶ ጎን፣ የክሩን ነገር ነገርኳት።

ወዲያው መለሰች። «እኔም እሱ ጋ ስደርስ ፈርቼ ነበር። ቆይ፣ ልድገመው።»