ከ«ፀረ» ቀጥሎ ያለው ቃል

ይድረስ ለእታለሜ፣

ጤናሽን፣ የጉልበትሽን ሕመም፣ የሥራሽን ነገር አንድ ባንድ እየጠየቅኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ፊቴ ነው፣ የማኖርበት አጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ማንም አልነገረኝም፣ ማንም አላረመኝም፤ ስህተት ካገኘሽ የግሌ ንብረት ነው። በማታ ትምህርት ቤት ከሃያ ሁለት ተማሪ ሦስተኛ ወጥቻለሁ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ድሮ ተምረው የረሱ ስለሆኑ አንቺ እንደ አንደኛ ቁጠሪኝ።

«የምን ማታ ትምህርት? ማንበብማ ትችል የለ?» ትዪኝ ይሆናል፣ እንዳላወቀ ሰው። አልችልም ነበር፣ እታለም። ሃያ ዓመት ቀለም ስቀባ ኖሬ ቀለም አልቆጠርኩም። ሥራ ስገባ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጥፋለሁ፤ በዚህ ከተማ የእኔን ያህል ጋዜጣ የረገጠ ሰው የለም። አንዳንዴ ቆም ብዬ አንዱን ገጽ አፍጥጬ አይና ራሴን እነቀንቃለሁ። የቤቱ ባለቤት «ዛሬ ጋዜጣው ምን አለ?» ሲለኝ «ያው ነው» እላለሁ። «ያው ነው» ያላስኬደኝ ቦታ አልነበረም፣ እስከ ጓሮሽ ድረስ።

ቤትሽንና ጓሮሽን አደራ ብለሽኝ ለሥራ ስትሄጂ ኩሽናው በር ላይ የለጠፍሽውን ወረቀት ታስታውሻለሽ? አንቺ ከወጣሽ በሁለተኛው ቀን ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ መተላለፊያ መጥታ፣ ቀለሜ፣ እስቲ ያን ወረቀት አብረን እንየው አለችኝ። ከዳር እስከ ዳር ወጥቼዋለሁ፣ ከፈለግሽ በቃሌ ልበልልሽ አልኳት። በሌላ ቀንም መጣች፤ በሌላ ቀንም እንደዚያው መለስኳት። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን አላነሣችውም። ልብስ ስታሰጣ ብቻ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ ዘንድሮ ፀሐዩ ከረረ፣ ውሃ በጠዋት ነው እንጂ በቀትር አይሆንም፣ እያለች ወሬ ታወራልኝ ነበር። እኔ ወሬኛ አልኳት።

ጎመኑ ላይ ክሽክሽ ሲወጣ፣ ያ ቅጠል ጀርባ ላይ የሚርመሰመሰው ደቃቅ ነገር፣ አሁንም ብቅ አለችና በሳሙና ውሃ እጠበው አለችኝ። ጎመን ሸሚዝ ነው እንዴ ብዬ ሳቅኩባት። ዕቃ ቤት ገባሁ። መደርደሪያው ላይ አንቺ በእጅሽ የጻፍሽባቸው ሁለት ጠርሙሶች አሉ። የሁለቱም ጽሑፍ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጀምራል፤ ያቺ ቀለበት ሆና መሐሏ ላይ መስመር ያላት። አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ መድኃኒት ነው ብዬ ሞላ ያለውን አነሣሁ። ጎመኑን፣ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን፣ ያቺን የምትሳሺላትን ቀይ ጽጌረዳ ጭምር ግድግዳ እንደሚቀባ ሰው ሳልዘል አዳረስኩት። ሁለተኛ ዙር ደገምኩት። ሥራዬ ነውና ባንድ እጅ ቀለም አላምንም።

በአራተኛው ቀን የቲማቲሙ ቅጠል እንደ ጣት ተጠማዘዘ። በሳምንቱ ጓሮሽ በሙሉ ቢጫ ሆነ። ስትደውዪ ያልኩሽን አልረሳሁትም፤ ልብስ ሰፊዋ የበረኪና እጣቢዋን በአጥሩ ላይ እየደፋች ፈጀችው አልኩሽ። ያንቺና የእሷ የአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና በዚያች አፌ አለቀ። ደውለሽ ከተቆጣሻት በኋላ «ዝም አለችኝ፣ ዝምታዋ ማመኗ ነው» ብለሽ ነገርሽኝ። ከዚያ መተላለፊያውን ዝጋልኝ አልሽኝ። ቆርቆሮውን በአሥራ ስድስት ምስማር የመታሁት እኔ ነኝ። እሷ ከወዲያ ማዶ የስፌት መኪናዋን አቁማ ምቱን ስትሰማ ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት ለዚህ ብዬ አይደለም፤ የሥራ ውል ላይ በጣት መፈረም ሰልችቶኝ ነው። ባለፈው ወር መምህራችን፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ሰውዬ ናቸው፣ ሰሌዳው ላይ «ፀረ» ብለው ጻፉ። «ፀረ» ማለት ጠላት ማለት ነው፤ የማን ጠላት እንደሆነ የሚነግራችሁ ቀጥሎ ያለው ቃል ነውና «ፀረ» ላይ እንዳትቆሙ አሉን። ክፍሉ ጻፈ። እኔ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ቤት ገብቼ ጠርሙሶቹን አወረድኩ። አንዱ ፀረ ተባይ ይላል። እኔ የረጨሁት ፀረ አረም ነው። ላንቺ ጎመን የሆነው ለእሱ አረም ነው፤ ጠርሙስ መርጦ አይገድልም።

ያኔ ወረቀትሽን ከበሩ ላይ ነቀልኩት። የእጅ ጽሑፍሽ ጠመዝማዛ ነው፤ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ቁጥር አንድ፣ ውሃ በጠዋት፣ ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይደለም። ቁጥር አራት፣ ክሽክሽ ከታየ የቅጠሉን ጀርባ በሳሙና ውሃ ማጠብ። ቁጥር ሰባት፣ ፀረ አረሙ ለመንገዱ ሣር ብቻ ነው፣ አትክልት አጠገብ እንዳይደርስ። ከቁጥር አሥር በታች ቁጥር የሌለው አንድ መስመር አለ። እሱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ፊደሉ ከብዶኝ አይደለም።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ በዋናው መንገድ ዞሬ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። ትሰፋ ነበር፣ ቀና አላለችም። ቆሜ ከአንድ ጀምሬ አነበብኩላት። ቁጥር አራት ላይ መኪናዋን አቆመች። የመጨረሻውንም አነበብኩ፦ «አደራ እህቴ፣ ስታነቢለት እንደ ወሬ አድርገሽ ንገሪው፤ አታሳፍሪው።» እሷ ክሯን በጥርሷ በጥሳ፣ መጨረሻው ላይ ቸኮልክ፣ እንደገና በለው አለችኝ። እንደገና አልኩት። አሁን ደህና አነበብክ አለች። እጣቢውን አላነሣችም፣ «ወሬኛ» ያልኳትንም አላነሣችም።

ቆርቆሮውን ዛሬውኑ ልንቀለው ብላት እምቢ አለች። ያስዘጋችው እህትህ ናት፣ ክፈት ብላ ራሷ ካልነገረችኝ ምስማር እንዳትነካ አለችኝ።

ጓሮሽን ጀምሬዋለሁ። የተመረዘውን አፈር ትቼ፣ ባጠብኳቸውና ከታች በበሳኋቸው ባዶ የቀለም ባልዲዎች ቲማቲምና ጎመን ተክያለሁ። የቲማቲሙ አበባ ወጥቷል። ጽጌረዳዋ ግን ከሥሯ ደርቃለች፤ እሷን ደህና ናት ብዬ አልዋሽሽም።

ይህ ሲደርስሽ ወደ እኔ አትደውዪ። መቆጣትሽ ይቆየኛል፣ የትም አልሄድም። መጀመሪያ ወደ እሷ ደውዪ።

እጅሽ የነካው ይለምልም፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ ከክፉ ጎረቤትም እንደ እኔ ካለ ወንድምም ይሰውርሽ።

ታናሽ ወንድምሽ